በፓርክ ሐይቅ ዳር ዓሣ የማጥመድ አሠራር፤ ለባለ ትዳሮችና ትዳር ለሚያስቡ

ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚጻፉ መመሪያዎች አብዛኞቹ አጥማጁን ሰው በማይደርስበት ወንዝ ዳር ብቻውን ያቆሙታል፤ ቤት ሆኖ የሚጠብቀው፣ በአጠገቡም የሚያልፍ ሰው ያለ አያስመስሉም። የፓርክ ሐይቅ ግን እንዲህ አይደለም። እዚያ የሚያጠምድ ሰው ከፊቱ ዓሣ፣ ከኋላው የእግረኛ መንገድ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ «ስንት ሰዓት ትመጣለህ?» ወይም «ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?» ብሎ የሸኘ የትዳር ጓደኛ አለው። ከሦስቱ ለመያዝ ቀላሉ ዓሣው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ መንጠቆ ስለ ማሰርና ቦታ ስለ መምረጥ የሚነገረውን ሳይዘነጋ፣ ከቀሩት ሁለት ወገኖች ጋር እንዴት መዝለቅ እንደሚቻል በቅደም ተከተል ያስረዳል። አጥማጁ ባል ቢሆን ሚስት አሠራሩ አንድ ነው፤ ያላገቡ አንባቢዎች ደግሞ አምስተኛውን ክፍል ረጋ ብለው ቢያነቡት ይጠቀማሉ።

1. ሁለቱን ፈቃዶች ያግኙ

የመጀመሪያው ፈቃድ የፓርኩ ነው። በመግቢያው ወይም በሐይቁ ዳር የተተከለውን ሰሌዳ እስከ መጨረሻው መስመር ያንብቡ፤ ማጥመድ የሚፈቀድበት ወቅትና ሰዓት፣ የተከለከለው የመንጠቆ ዓይነት፣ የተያዘውን ዓሣ ወደ ቤት መውሰድ መቻል አለመቻሉ የሚገለጸው እዚያ ነው። ብዙ የከተማ ፓርኮች ዓሣውን ይዞ መልሶ መልቀቅን ብቻ ይፈቅዳሉ። ለምሳሌ በኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ በሚገኘው ሃርለም ሚር በተባለው ሐይቅ የሚያጠምድ ሰው ጥርስ የሌለው መንጠቆ መጠቀምና የያዘውን ሁሉ መልሶ መልቀቅ ግዴታው ነው። ሰሌዳ ከሌለ የፓርኩን ጥበቃ መጠየቅ ይሻላል፤ ጥበቃው ሐይቁ ውስጥ ዓሣ ስለ መኖሩም የሚነግርዎት ነገር አያጣም።

ሁለተኛው ፈቃድ የቤት ነው፤ ይህኛው በሰሌዳ አይጻፍም፣ የሚያበቃበት ቀንም አይታወቅም። የሚጠየቀው ቢያንስ በዋዜማው ነው። በማለዳ ዘንግ ተሸክሞ በር ላይ ቆሞ የሚነገር ነገር ማስታወቂያ እንጂ ጥያቄ አይባልም። ጥያቄው ቦታ፣ የመነሻ ሰዓትና የመመለሻ ሰዓት ይኑረው። የመመለሻውን ሰዓት ሲያሰሉ ደግሞ አጥማጆች ሁሉ የሚያውቁትን «አንዴ ልወርውርና እንሄዳለን» የሚባለውን ነገር ከወዲሁ ያስቡበት፤ የመጨረሻ ውርወራ ብቻውን መጥቶ ስለማያውቅ፣ በልብዎ ካሰቡት ላይ አንድ ሰዓት ጨምረው ይናገሩ። ከተናገረው ሰዓት ቀድሞ የተመለሰ ሰው ይመሰገናል፣ ምስጋናውም ለሚቀጥለው ሳምንት ጥያቄ መንገድ ይጠርጋል።

እዚህ ላይ ባለ ትዳሮች የሚዘነጉት አንድ ጉዳይ አለ። ፓርኩ መልሶ መልቀቅን የሚያስገድድ ከሆነ፣ ደንቡ ለትዳር ጓደኛ የሚነገረው ከመሄድ በፊት ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዓሣ ሊያጠምድ የሚሄድ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ባዶ እጁን የሚመለስ፣ ሲጠየቅም «ይዤ ነበር፣ ግን ለቀቅኩት» የሚል ሰው፣ እውነቱን እየተናገረ እንኳ ቢሆን ለሰሚው የሚጥም መልስ የለውም። ያልጣመው ሰው ደግሞ መጠየቁን ይቀጥላል፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፣ ስለ አንድ ዓሣ የተጀመረ ምርመራ ባለፈው ዓመት የተረሳ የልደት ቀን ላይ ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም የፓርኩን ሰሌዳ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው፣ ማንም ሳይጠይቅዎት፣ በእራት ሰዓት እንደ ዋዛ ያሳዩት።

2. መሣሪያዎን ያሰናዱ

ለፓርክ ሐይቅ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ከ2 እስከ 3 ሜትር የሚደርስ ዘንግ፣ ቀጭን የናይሎን ክርና መጠቅለያው፣ ጥቂት መንጠቆዎች፣ በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ምልክት፣ ክሩን ወደ ታች የሚያወርዱ ትናንሽ ክብደቶች፣ ፒንሳ፣ መቀስ፣ ትንሽ መረብና አንድ ፎጣ ይበቃሉ። ክብደቶቹ ከእርሳስ የተሠሩ ባይሆኑ ይመረጣል፤ የውሃ ወፎች ከጠጠር ጋር እየዋጡት ስለሚመረዙ፣ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ትናንሾቹ የእርሳስ ክብደቶች ታግደዋል።

መንጠቆ ሲገዙ ቁጥሩ እንዳያሳስትዎት። ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል፤ 10 ቁጥር ከ6 ቁጥር ታናሽ ነው። 1 ቁጥር ላይ ሲደረስ ግን አቆጣጠሩ ዞሮ 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እያለ ወደ ትልቁ ይሄዳል። ይህን ሥርዓት ለባለቤትዎ ለማስረዳት አይሞክሩ፤ «ታዲያ ለምን እንዲህ አደረጉት?» ለሚለው ተገቢ ጥያቄ አጥማጆች መልስ አላገኙለትም። ለፓርክ ሐይቅ ትናንሽ ዓሣዎች ከ8 እስከ 12 ቁጥር ያለው ይስማማል። የመንጠቆውን ጥርስ፣ ማለትም ከጫፉ ሥር ወደ ኋላ የዞረችውን ስለት፣ በፒንሳ ጨፍልቀው ያስተኟት፤ ዓሣውም ቶሎ ይላቀቃል፣ ጣትዎም ቢወጋ ሐኪም ቤት አያደርስም።

ቋጠሮው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ቀለበት ውስጥ ያሳልፉና አንድ ስንዝር ያህል ያስተርፉ። ያስተረፉትን ጫፍ በዋናው ክር ላይ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይጠምጥሙት። ከዚያ ጫፉን ወደ ኋላ መልሰው ከቀለበቱ አጠገብ ባለችው ትንሽ ክፍተት ውስጥ ያሳልፉት፤ ይህን ሲያደርጉ አንድ ትልቅ ዙር ይፈጠራል፣ ጫፉን በዚያም ዙር ውስጥ ደግመው ያስገቡት። አሁን ከመሳብዎ በፊት ቋጠሮውን በምራቅዎ ያርጥቡት፤ ናይሎን ደረቁን ሲጠበቅ እርስ በርሱ ተፋትጎ ስለሚግል፣ ግለቱ ክሩን ያደክመዋል። ከዚያም ቀስ ብለው፣ ጥምጥሞቹ ጎን ለጎን እየተደረደሩ መሆናቸውን እያዩ ይሳቡና ትርፉን በመቀስ ይቁረጡ። ይህ ሥራ ከቤት ሳይወጡ ማታ ቢሠራ መልካም ነው። በፓርክ ውስጥ ምራቁን መንጠቆ ላይ የሚተፋ ሰው ማንም መንገደኛ አጠገቡ አይቀመጥም።

ዕቃው ለምን በዛ ተብለው ከተጠየቁ፣ መንጠቆ የሰው ልጅ ከሠራቸው ጥንታዊ መሣሪያዎች አንዱ መሆኑን መጥቀስ ይችላሉ። በጃፓን ኦኪናዋ ደሴት ሳኪታሪ በተባለ ዋሻ የተገኙት፣ ከባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተሠሩት መንጠቆዎች ዕድሜያቸው 23,000 ዓመት ያህል መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2016 ተገልጿል። «እስካሁን የት ቆየህ?» የሚለው ጥያቄም ከዚህ ያነሰ ዕድሜ ያለው አይመስለኝም።

3. ሰዓትና ቦታ ይምረጡ

ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው፤ ውሃ ደግሞ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ንጹሕ ውሃ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ በ30 ዲግሪ ግን 7.5 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ይይዛል። በሞቃት ወቅት እኩለ ቀን ላይ ዓሣው ወደ ጥላ ፈቀቅ ብሎ ምግብ የሚያስጠላው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ስለዚህ ማለዳን ወይም ወደ ማምሻው ያለውን ሰዓት ይምረጡ። ማለዳ ለትዳር ይስማማል፤ ቤተሰቡ ሳይነሣ ወጥቶ ቁርስ ሳይነሣ መመለስ ይቻላል። ማምሻ ደግሞ እግረኛው የሚበዛበት ሰዓት ስለሆነ ለላጤዎች ይስማማል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ነፋሱ ወደ እርስዎ የሚነፍስበትን ዳርቻ ይያዙ፤ ነፋሱ በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ምግብ ወደዚያ ስለሚገፋው ዓሣውም ይከተለዋል። የዛፍ ጥላ፣ የሸንበቆ ጥግ፣ ውሃ የሚገባበት ቦይ አፍ፣ ሁሉም ጥሩ ናቸው። ሰዎች ለዳክዬ ዳቦ የሚወረውሩበት ቦታም ከቶ አይናቅም፤ ዳክዬዎቹ ያላገኙትን ፍርፋሪ ከታች ሆኖ የሚጠብቅ ካርፕ የተባለ ዓሣ ሊኖር ይችላል።

ከመወርወርዎ በፊት ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይመልከቱ። በፓርክ ውስጥ ከኋላ የሚያዘው ነገር ከፊት ከሚያዘው ይበዛል፤ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ሻርፕ፣ ኮፍያ፣ አንዳንዴም የሰው እጅጌ። እጅጌው የተያዘበትም የያዘውም ያላገቡ ከሆኑ ነገሩ አንድ ቀን በሠርግ ላይ የሚተረክ ወግ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መንጠቆ ዓይን የሚያጠፋ ዕቃ ነውና ሆን ተብሎ የሚሞከር ዘዴ አይደለም። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ዘንጉን በራስዎ ላይ አሻግረው ከመወርወር ይልቅ ከጎን ወደ ፊት ዝቅ አድርገው ያወናጭፉት።

4. ምን ዓይነት ጫጫታ ዓሣ እንደሚያባርር ይለዩ

ብዙ አጥማጆች አጠገባቸው የደረሰውን ሰው ሁሉ፣ በተለይም የትዳር ጓደኛቸውን፣ «እባክሽ ዝም በይ፣ ዓሣው ይሸሻል» ወይም «ዝም በል እንጂ!» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ አባባል ለአጥማጁ ዕረፍት ይሰጠዋል እንጂ እውነትነቱ እጅግ አነስተኛ ነው። በአየር ላይ የሚሄድ ድምፅ ውሃው ገጽ ላይ ሲደርስ አብዛኛው ተመልሶ ይነጥራል፤ ወደ ውሃው የሚገባው ኃይሉ ከ1,000 እጅ አንድ እጅ ያህል ቢሆን ነው። እንግዲህ ባለቤትዎ አብረውዎት መጥተው፣ ክሩን በጣሉበት ቅጽበት፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ ጉዳይ ማንሣት ቢጀምሩ፣ ሳይንስ ከእርስዎ ጋር አይቆምም። ዓሣውን ሰበብ ያደረገ ሰው ይህን መረጃ ያነበበ የትዳር ጓደኛ ካለው፣ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ ውሃ ወቀጣ ነው።

እውነተኛው ጠንቅ እግር ነው። መሬት የመታ ተረከዝ፣ ከትከሻ ላይ ዱብ የተደረገ ሳጥን፣ በዳርቻው ላይ የሚሮጥ ልጅ የሚፈጥሩት ንዝረት በመሬቱ በኩል በቀጥታ ወደ ውሃው ይዘልቃል። ዓሣ ከጆሮው በተጨማሪ ከራሱ እስከ ጭራው በሁለቱም ጎኖቹ የተዘረጋ፣ የውሃን እንቅስቃሴ የሚያውቅበት የስሜት መስመር አለው፤ በእርሱም ያልታየውን ሰው መምጣት ያውቃል። ስለሆነም ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ፣ ዕቃዎን በዝግታ ያስቀምጡ፣ ወደ ዳርቻው ሲጠጉም አይጣደፉ። በቃል መጨቃጨቅ ይቻላል፤ እግርን መሬት እየመቱ መጨቃጨቅ ግን ሐይቁን ያራቁታል።

ዓይኑም አይናቅም። ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ስለሚታጠፍ፣ ዓሣው ከበላዩ ያለውን ዓለም ከአድማስ እስከ አድማስ የሚያየው 97 ዲግሪ ስፋት ባላት አንዲት ክብ መስኮት ውስጥ ተጨምቆ ነው። ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው በመስኮቷ ጠርዝ ላይ ተጨፍልቆ ስለሚቀር በግልጽ አይለይም፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ግን ከነኮፍያው ይታያል። ባለቤትዎ በስጦታ የገዙልዎት ደማቅ ቢጫ ሸሚዝ ካለ፣ ቤት ጥሎት ከመሄድ ለብሶት ዝቅ ብሎ መቀመጥ በሁሉም ረገድ ይሻላል።

5. መንገደኛውን ያስተናግዱ

የፓርክ አጥማጅ ዋና ሥራ ይህ ነው። ተንሳፋፊው ምልክት ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ መቆየቱ የታወቀ ሲሆን፣ በዚያ መካከል ከኋላ የሚመጣው ሰው ግን አይቋረጥም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ያዝክ?» ወይም «ያዝሽ?» ነው። መልሱ አጭርና እውነት ይሁን። «ኧረ ብዙ ይዣለሁ» ያለ ሰው ቅርጫቱን እንዲያሳይ ይጠየቃል፤ «ዓሣ የለም እኮ» ያለ ሰው ደግሞ «ታዲያ ምን ትሠራለህ?» የሚል፣ መልስ የሌለው ጥያቄ ይከተለዋል። «ገና ነኝ» የሚለው ቃል ተስፋም ትሕትናም ስላለው ከሁሉ ይመረጣል። ከአንድ አዛውንት ጋር የሚደረግ ጥሩ ጭውውት ይህን ሊመስል ይችላል፦

«እንዴት ዋልሽ ልጄ፤ ያዝሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባባ፤ ገና ነኝ።»

«ገና ስትዪ ለዛሬ ነው ወይስ ለዘንድሮ?»

«ለዛሬ ነው አባባ። ዘንድሮስ አንድ ሁለት አይቻለሁ።»

«እኔ ባለቤቴን ያገኘኋት እዚሁ ወንበር ላይ ነው። ለዳክዬ ዳቦ ልትበትን መጥታ።»

«ታዲያ አባባ፣ ያጠመደው ማን ነው?»

«እሱን እስካሁን እየተከራከርን ነው።»

ይህን የመሰለ ሰው ሲገጥም ዘንጉን በድጋፉ ላይ አኑሮ ማዳመጥ ይገባል። ሁለተኛው ዓይነት መንገደኛ መካሪው ነው። እርሱ ዘንግ ይዞ አያውቅም፤ ሆኖም ትሉ ትንሽ መሆኑን፣ ክሩ መወፈሩን፣ ማጥመድ የነበረብዎት ከወዲያኛው ዳርቻ መሆኑን ይነግርዎታል። «እሺ፣ እሞክረዋለሁ» ይበሉት፤ ወደ ወዲያኛው ዳርቻ ግን አይሂዱ፣ እዚያም ሌላ መካሪ ቆሞ ወደዚህኛው ይልክዎታል። ሕፃናት ትሉን ለማየት ይፈልጋሉ፤ ወላጅ ከፈቀደ ያሳዩአቸው፣ መንጠቆውን ግን እንዳይነኩት። ውሻ ከመጣ ከሁሉ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ፣ ምግብ የተሰካበትን መንጠቆ ሣር ላይ ጥሎ አለመነሣት ነው፤ ውሻው ከነመንጠቆው ይውጠዋል፣ ከባለቤቱ ጋር የሚኖርዎት ትውውቅም እንስሳት ሐኪም ዘንድ ይጀመራል።

ትዳር የሚያስቡ አንባቢዎች እነሆ የሚፈልጉት ክፍል ደረሰ። ትልቁ ዘዴ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት መገኘት ነው። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንትስ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር፣ በማየቱ ብቻ፣ ካላየው ይልቅ እየወደደው እንደሚሄድ አሳይቷል። በየማምሻው በዚያ መንገድ የምትሮጠው ወይም ውሻውን የሚያንሸራሽረው ሰው፣ ከጊዜ በኋላ ራሱን ነቅንቆ ሰላም ማለቱ አይቀርም፤ በየሳምንቱ አዲስ ሐይቅ የሚያስስ አጥማጅ ግን ለዓሣውም ለሰውም እንግዳ እንደሆነ ይቀራል። ሁለተኛው፣ የአግዳሚ ወንበሩን ግማሽ ባዶ ይተዉት፤ የዕቃ ሳጥንዎን በጎንዎ ያስቀመጡ እንደሆነ አጠገብዎ የሚቀመጠው ሳጥኑ ነው። ሦስተኛው፣ ርቀትን ይጠብቁ። አንትሮፖሎጂስቱ ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1966 ባሰፈረው የአሜሪካውያን ልማድ መሠረት፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ያለ ጭንቀት የሚነጋገሩት ከ1.2 እስከ 3.6 ሜትር ተራርቀው ሲሆን፣ ከዚያ የሚቀርበው የወዳጆች ርቀት ነው። የ3 ሜትር ዘንግ የያዘ ሰው ይህን ርቀት ያለ ብዙ ድካም ያስከብራል።

ንግግሩ ስለ ውሃው ይጀመር እንጂ ስለ ሰውዬው አይጀመር። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው መቀመጣቸው በራሱ ያግዛል፤ ዓይን ለዓይን መፋጠጥ ስለሌለ ዝምታው አያሳፍርም፣ ወሬ ባለቀ ጊዜም ተንሳፋፊውን መመልከት ይቻላል። «ዛሬ ትልቁን ዓሣ ያጠመድኩት አንቺን ነው» የሚለው አነጋገር በማናቸውም ሁኔታ የተከለከለ ነው፤ የተነገራት ሴት ከዚህ በፊት ሰምታዋለች፣ በዚያን ጊዜም አላሳቃትም። በአንድ ቃል መልሶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ የሰካ ሰው ለብቻው መሆን ፈልጓልና ይተዉት። እጅ ለመጨባበጥ የተዘረጋ እንደሆነ ደግሞ አስቀድመው በፎጣው ይጥረጉ፤ የትል አፈር በመጀመሪያ ትውውቅ ቀን አይረሳም።

ባለ ትዳሮች በበኩላቸው፣ ማናቸውም ጭውውት ከሰላምታ አልፎ ሲረዝም፣ «ባለቤቴ» የሚለውን ቃል ቶሎ ያስገቡት። ሐሳቡን ለማስገባት ምክንያት አይጠፋም፤ ሸሚዙ አለ፣ የመመለሻው ሰዓት አለ፣ ጣሪያው አለ። የተገናኙትን ሰው ነገር ደግሞ በዚያኑ ማታ በቤት ይናገሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ «አንዲት ጥሩ ሴት ስለ ካርፕ ብዙ ታውቃለች» የሚለው ወሬ በዚያው ዕለት ሲነገር ወሬ ብቻ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሴትዮዋ በመንገድ ላይ በስም ጠርታ ሰላም ያለችዎት ዕለት ሲነገር ግን ማስረጃ ይሆናል።

6. ዓሣው ሲይዝ

ዓሣው የሚነክሰው ጨዋታው በደመቀበት ቅጽበት መሆኑን ከወዲሁ ይወቁ። «ይቅርታ» ብሎ መነሣት ነውር የለውም። መደበኛ መንጠቆ ከሆነ ተንሳፋፊው ሰመጥ ሲል ዘንጉን ጠንከር አድርገው ቀና ያድርጉት፤ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ከሆነ ግን ሳይነጥቁ ክሩን ቀስ እያሉ መጠቅለል ብቻ ይበቃል፣ መንጠቆው ራሱ ወደ ከንፈሩ ጥግ ተንሸራቶ ይይዛል። ዓሣውን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ያርጥቡ፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ ከቅርፊቱ ላይ ይገፈዋል። ጣትዎን ወደ ስንጥቡ፣ ማለትም ወደ መተንፈሻው፣ አያስገቡ። መንጠቆውን በፒንሳ ይዘው በገባበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ያውጡት፤ ጠልቆ ከዋጠው ግን ሳይታገሉ ክሩን በተቻለ መጠን ወደ አፉ አስጠግተው ይቁረጡት። ዓሣው ከውሃ ውጭ የሚቆየው እርስዎ ትንፋሽዎን መያዝ ከሚችሉበት ጊዜ ያነሰ ይሁን፤ ሲለቁትም ወርውረው ሳይሆን በውሃው ውስጥ ደግፈው፣ በራሱ እስኪሄድ ይጠብቁት።

የሚለቀቅ ዓሣ ማስረጃ የሚኖረው በፎቶ ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ፎቶ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ልምድ ያላቸው ባለ ትዳሮች እንኳ የሚደናቀፉበት ወጥመድ አለ። በፎቶው ላይ ሁለቱም እጆችዎ ዓሣውን ይዘዋል። ታዲያ ያነሣው ማን ነው? ዓሣውን ከማድነቅ በፊት ይህን የሚያስተውል የትዳር ጓደኛ ብዙ ነው፤ ሣሩ ላይ የረዘመች የፎቶ አንሺ ጥላ፣ በተለይ ባለ ጅራት ፀጉር ጥላ፣ ካለችበት ደግሞ ስለ ዓሣው ክብደት የሚጠይቅዎት አይኖርም። ስለዚህ ፎቶውን ከማሳየትዎ በፊት ያነሣዎትን ሰው ታሪክ ይናገሩ፤ ወይም ዓሣውን እርጥብ መረብ ውስጥ እንዳለ በአንድ እጅዎ ራስዎ ያንሡት።

7. ለቤት ሪፖርት ያቅርቡ

ክንድን ዘርግቶ የዓሣ ርዝመት ማሳየት መለኪያ አይደለም፤ ክንዱ በየዓመቱ ይረዝማል። በዘንግዎ እጀታ አጠገብ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ ዓሣውን ከአፉ ጫፍ እስከ ጭራው ጫፍ በዚያ ለክተው ያገኙትን ቁጥር እንዳለ ይናገሩ። ያመለጠ ዓሣ አይለካም። መነገሩ የግድ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጠኑ ሳይጠቀስ ይነገር።

ምንም ያልተያዘበት ቀን ወሬ እንዳይጠፋ፣ ስለ ዓሣዎች ትዳር የሚታወቀውን ማውራት ይቻላል፤ ነገር ግን ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ቢባልም በባሕር ያለው ትዳር ሁሉ ለእራት ጠረጴዛ አይሆንምና ምርጫ ይጠይቃል። የባሕር ፈረስ የሚባለው ዓሣ ወንዱ ነው የሚያረግዘው፤ ሴቷ እንቁላሏን በሆዱ ላይ ባለው ከረጢት ታኖርለታለች፣ ወልዶም የሚገላገለው እርሱ ነው። ይህን ለሚስቱ የሚተርክ ባል «እኛስ ጋ?» ለሚለው ጥያቄ ይዘጋጅ። የቆሮሶ ዓሣ እናት ደግሞ እንቁላሎቿንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ በዚያን ጊዜ እምብዛም አትበላም፤ ታሪኩ ልብ ይነካል፣ ዕቃ ወደ ማጠብም ያስነሣል። በጥልቁ ባሕር የሚኖሩት አንዳንድ የአንግለር ዓሣ ዓይነቶች ነገር ግን በጥንቃቄ ይያዝ። የአይስላንዱ ባለ ሙያ ብያርኒ ሳይሙንድሶን እ.ኤ.አ. በ1922 በአንዲት ትልቅ ሴት ዓሣ ሆድ ላይ የተጣበቁ ትናንሽ ዓሣዎች አግኝቶ ልጆቿ ናቸው ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1925 እንግሊዛዊው ቻርልስ ቴት ሪጋን እንዲህ የሚጣበቀው ባልዬው መሆኑን አስረዳ። ባልየው በጥርሱ ነክሶ ይይዛታል፣ ሥጋቸውና ደም ሥራቸው ይዋሐዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚመገበው ከእርሷ ደም ነው። ይህን ታሪክ፣ የሚስት ወላጆች ለእራት በተገኙበት ምሽት፣ ሥራ ፈትቶ ቤት የተቀመጠ ባል ባይተርከው ይሻላል።

8. ባለቤትዎን ይዘው ሲሄዱ

ጥሩውን ዘንግ ለእርሳቸው ይስጡ፤ ጥላ ያለበትንም ቦታ እንዲሁ። ቋጠሮውን ካሳዩ በኋላ እጅዎን ሰብስበው ይቀመጡ፤ ሳይጠየቁ የሚያርሙ ከሆነ አምስተኛው ክፍል ላይ የተጠቀሰው መካሪ ሆነዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘ ሰው ትልቁን ዓሣ የማውጣቱ ነገር በየሐይቁ የታየ ነው፤ በዚያን ጊዜ «ዕድል ነው» የሚለው ቃል ከአፍዎ እንዳይወጣ ይጠንቀቁ። የሚባለው «እንዴት አድርገህ ያዝከው?» ወይም «እንዴት አድርገሽ ያዝሽው?» ነው፤ የሚሰጠውም ማብራሪያ እስከ መጨረሻው ይደመጣል።

9. ዕቃውን ይሰብስቡ

የተቆረጠ የናይሎን ክር በሣር ላይ አይቅር፤ የወፍ እግር ይተበትባል፣ በቀላሉም አይበሰብስም። ስብርባሪውን ሁሉ በኪስዎ ይዘው ይመለሱና በመቀስ አሳጥረው ይጣሉት። መንጠቆዎቹን ከኪስ አውጥተው ወደ ሳጥናቸው ካልመለሱ፣ ልብሱን ለማጠብ ኪሱን የሚፈትሽ ሰው ያገኛቸዋል፤ የማጥመጃው ዕቃ ለዘለዓለም ከቤት የሚወጣውም ብዙውን ጊዜ በዚያን ቀን ነው።

የተረፈው ትል ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ፓርኩ አፈር አይበተን፤ የመጣበት ዝርያ ለቦታው እንግዳ ሊሆን ይችላል። ትል በሕይወት የሚቆየው ከ5 እስከ 10 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ፣ እርጥብ አፈር ባለው ሳጥን ውስጥ ስለሆነ፣ በአብዛኛው ቤት የሚስማማው ቦታ ፍሪጁ ነው። ይህ ሊደበቅ የሚገባው ጉዳይ አይደለም። ሳጥኑ ከምግብ ሳጥኖች ጋር የማይመሳሰል ይሁን፤ ክዳኑ በደንብ ይግጠም፣ አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎችም በመርፌ የተበሱ እንጂ የሰፉ አይሁኑ። በላዩ ላይ «ትል» ተብሎ በትልልቅ ፊደል፣ በክዳኑም በአራቱም ጎኖቹም ይጻፍ፤ ምክንያቱም ሌሊት ተነሥቶ መብራት ሳያበራ ፍሪጅ የሚከፍት ሰው በየቤቱ አለ።